አይጦቻችን ምን ተሸክመዋል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጤና ንዑስ ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሴ ብዙዎቻችሁን እንዳስገረመ አውቃለሁ። ቅድም ሻይ ላይ አንድ አባታችን «ልጄ፣ አይጥ ድመት እንጂ ምርመራ ምን ያደርግላታል?» ብለውኛል። ድመቱም አይከፋም። ነገር ግን ከፊታችን ያለው ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ዘንድሮ ለጤና የመደብነውን ብር በምን ላይ እናውለው? ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ፣ የቫይረስ ዘረመል የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ገዝተን ለወረዳችን ጤና ጣቢያ እንስጥ፣ ከአይጥ የሚመጡ በሽታዎችም ቀድመው ይታወቁ የሚል ነው። ሐሳቡን ያመጡት ወጣቶቻችን ናቸው፣ በቅንነት አስበው ነው። እኔ ነርስ እንጂ ተመራማሪ አይደለሁም። ግን እዚህ አገር የነርስነት ትምህርቴን ስማር አንድ ታሪክ ሰምቼ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ታሪኩ የእኛው የነርሶች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ላሳ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሎራ ዋይን የምትባል የሚሲዮን ነርስ ታመመች። ጉሮሮዋን አመማት፣ ትኩሳት ያዛት፣ መድኃኒት አልመልስ አለ። ጆስ ወደሚባል ከተማ ሆስፒታል ወስደዋት እዚያ ሞተች። ያስታመመቻት ነርስ ሻርሎት ሾው ጣቷ ላይ ትንሽ ጭረት ነበረባት፤ በዚያው ጣት የበሽተኛዋን አፍ በጨርቅ ጠርጋላት ነበር። እሷም ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ሦስተኛዋ ነርስ ፔኒ ፒኒዮ ታማ ወደ ኒውዮርክ ተወሰደች፣ ተረፈች። ደሟ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተልኮ እዚያ ዶክተር ጆርዲ ካሳልስ ቫይረሱን ለይተው አወጡ። ራሳቸውም ተያዙ፤ ያዳናቸው ከዚያችው ከዳነችው ነርስ የተወሰደ የደም ፈሳሽ ነው ይባላል። በዚያው ዓመት አንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ግን ሞተ። ቫይረሱ በከተማዋ ስም ላሳ ተባለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቫይረሱ ከየት እንደመጣ ገና የሚያውቅ አልነበረም። መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1972 በሴራሊዮን በሽታው ሲነሣ፣ ተመራማሪዎች በየቤቱ ወጥመድ አጥምደው አይጦቹን ሲመረምሩ ነው። ቫይረሱ ጡተ ብዙ በምትባል፣ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር በምትኖር አይጥ ተገኘ። አይጧ አትታመምም። በሽንቷ ግን ለረጅም ጊዜ ቫይረስ ታፈሳለች፤ እህሉ ላይ፣ ዕቃው ላይ፣ ወለሉ ላይ።

ለእኛ አገር ሰው ነገሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ጦር በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት ከ3,000 በላይ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ኩላሊት በሚያደክምና ደም በሚያፈስ ትኩሳት ታመው ነበር። ምክንያቱን ኮሪያዊው ዶክተር ሊ ሆ ዋንግ ያገኙት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በሃንታን ወንዝ አካባቢ ከተያዘች የሜዳ አይጥ ሳንባ። ዛሬ ሃንታ የሚባለው የቫይረስ ቤተሰብ ስሙን ያገኘው ከዚያ ወንዝ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ልግባ፤ ምክንያቱም መሣሪያ ስንል ሁላችንም የምናስበው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም።

አይጧ በወጥመድ ትያዛለች። የሚይዛት ሰው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያደርጋል፣ ደሟን፣ ሳንባዋን፣ ኩላሊቷንና ጉበቷን ይወስዳል። ናሙናው በብርቱ ቅዝቃዜ ወይም ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ካልተቀመጠ የቫይረሱ አር ኤን ኤ ይፈራርሳል። ከዚያ አር ኤን ኤው ከሥጋው ይለያል፣ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለበጣል፣ በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ስሙን በለመድነው በፒሲአር ይባዛል። ፒሲአር የሚያገኘው ግን የምንፈልገውን ብቻ ነው። ያላሰብነውን ለማግኘት በናሙናው ውስጥ ያለውን ዘረመል በጅምላ ማንበብ ያስፈልጋል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት ከማንሃተን የተያዙ 133 አይጦች በዚህ መንገድ ተመርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ ሲታተም ከዚያ በፊት የማይታወቁ 18 ቫይረሶች ተገኝተው ነበር። ሰውን የሚያሳምመው ሴኡል የተባለው ሃንታ ቫይረስም አብሮ ተገኝቷል። ስለዚህ አይጥ የድሃ አገር ጉዳይ ነው የሚል ካለ የኒውዮርክን ባቡር ጣቢያ ይይ።

ዘረመሉ ከተነበበ በኋላ ምን ይጠቅማል? የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ አስቡ። አንድ ጸሐፊ ፊደል ቢስት፣ ከእሱ የገለበጡት ሁሉ ያችኑ ግድፈት ይዘው ይወርዳሉ። ሁለት ብራና አስተያይቶ የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ ማወቅ ይቻላል። ቫይረስም ሲባዛ ፊደል ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በናይጄሪያ የላሳ ሕመምተኛ ቁጥር ሲያሻቅብ ትልቅ ፍርሃት ነበር፤ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ የሚተላለፍ አዲስ ዓይነት መጣ ወይ ተባለ። እንግዲህ ወጣቶቻችን ያሰቡት ዓይነት፣ በመዳፍ የሚያዝ መሣሪያ እዚያው ናይጄሪያ ሆስፒታል ውስጥ ተተክሎ የሕመምተኞቹ ቫይረስ ተነበበ። ቫይረሶቹ እርስ በርስ በጣም የተራራቁ ነበሩ፤ አብዛኛው ሰው በየራሱ ከአይጥ ነው የተያዘው። ይህ ለእኔ እንደ ነርስ ትልቅ ነገር ነው። ከሰው ወደ ሰው ቢሆን ኖሮ ዋናው ጉልበት ሕመምተኛን በመለየት ላይ ይውል ነበር። ከአይጥ ከሆነ ግን ቤትና ጎተራ ላይ ነው የሚሠራው።

የእኛስ አይጦች? እ.ኤ.አ. በ2012 የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአውሮፓ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ደጋ በሁለት የአይጥ ዝርያዎች የሞባላ ቫይረስ አዳዲስ ዓይነቶች ተገኝተዋል። ሞባላ የላሳ ዘመድ ነው። ከሁለቱ አንዷ፣ እግረ ነጯ የኢትዮጵያ አይጥ፣ አዲስ ሃንታ ቫይረስም ተሸክማ ተገኝታለች፤ ትግራይ ቫይረስ ተብሏል። እዚህ ላይ አደራ፣ ማንም ወደ ቤተሰቡ ደውሎ ላሳ ገባ እንዳይል! ሞባላ ሰውን እንደሚያሳምም የተረጋገጠ ነገር የለም። ዘመድ መሆን ብቻውን ወንጀል አይደለም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው፣ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ትኩሳት ሁሉ በወባና በታይፎይድ ይሳበባል። የወባው ምርመራ ነጻ ከሆነ ታይፎይድ ተብሎ መድኃኒት ይሰጣል፣ ሰውየው ወይ ይድናል ወይ አይድንም፣ ምክንያቱ አብሮት ይቀበራል።

ታዲያ መሣሪያውን ለምን አትደግፊውም ትሉኝ ይሆናል። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ መሣሪያው ስለሆነ ነው። የሚያስቸግረው የሚከተለው ነው፤ ናሙና ማንበቢያው ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ያልፍበታል፣ ሪኤጀንቱ ከውጭ ይመጣል፣ መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ አለቀለት። የሠለጠነ ሰውም ያስፈልጋል፤ አይጥ ከፍቶ ናሙና መውሰድ ያለ ሥልጠና የሚሠራ ሥራ አይደለም፣ ራሱ አደጋ ነው። ዘረመል ማንበቡ አቅሙ ላላቸው ለአዲስ አበባና ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ላቦራቶሪዎች ይሁን። እነሱ ወደ አካባቢያችን መጥተው ማጥመድ ቢፈልጉ ግን እንቀበላቸው፤ መኪናውን፣ መንገድ መሪውን እኛ እንቻል፣ ውጤቱን ደግሞ በአማርኛ ለባለቤቶቹ እንዲነግሩ እንጠይቃቸው።

ገንዘባችን ጎተራ ላይ ቢውል እመርጣለሁ። የእናቶቻችንን ጭቃ ጎታ አይጥ በአንድ ሌሊት ትበሳዋለች። የቆርቆሮ ጎተራን ግን አትበሳውም፤ የእንጨቱ ጎተራም እግሮቹ ላይ ወደ ታች የተደፋ ቆርቆሮ ቢታሰርበት ወደ ላይ መውጣት ያቅታታል። እህሉም ይተርፋል፣ ይህ ደግሞ ለገበሬው ከየትኛውም የጤና ትምህርት በላይ ይገባዋል። ከዚያ ለጤና ኤክስቴንሽን ልጆቻችን ጓንትና በረኪና። አንድ ነገር ብቻ ቢያስተምሩልን ይበቃኛል፤ የአይጥ ኩስ በደረቁ አይጠረግ። ሲጠረግ አቧራው ይነሣል፣ ሃንታ ቫይረስ የሚተነፈሰው ያን ጊዜ ነው። በርና መስኮት ለግማሽ ሰዓት ይከፈት፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይርከፍከፍ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ከዚያ በጓንት ይጠረግ። ሕፃናትም የሞተ አይጥ በእጃቸው አይያዙ። የአይጥ መርዝ ግዙ የሚል ሐሳብም ደርሶናል፤ ልጅና ዶሮ አብረው በሚውሉበት ግቢ እኔ አልመክርም።

የቆርቆሮ ጎተራ የሚሠሩ የአካባቢያችን ብረት ሠሪዎች ያቀረቡት ዋጋ ከአገር ቤት ኮሚቴ ደርሶናል፣ ገንዘብ ያዣችን ጠረጴዛ ላይ አለ። ከምሳ በኋላ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እዩትና ጥያቄ ያላችሁ እኔን ጠይቁኝ፤ እስከ ማታ እዚሁ ነኝ።