«ተሳፋሪ ብቻ ነኝ» ማለት ከሕግ አያድንም

 

እኛ በሳዑዲ አረቢያ ጂዛን የምንሠራ ኢትዮጵያውያን ጠዋት በኩባንያ አውቶቡስ ወደ ጂዛን ኢኮኖሚክ ሲቲ እንሄዳለን። በዕረፍት ቀን ደግሞ ወደ ቤይሽ፣ ሳብያ ወይም አቡ አሪሽ በሰው መኪና እንሳፈራለን። መሪውን ስላልያዝን ሕጉ የሚመለከተው ሾፌሩን ብቻ ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። የት እንደምንቀመጥ፣ ከማን ጋር እንደምንሄድና ምን ይዘን እንደምንሄድ እኛንም ያስጠይቀናል።

ከመቀመጫው ልጀምር። በሳዑዲ የትራፊክ ሕግ የደህንነት ቀበቶ አለማሰር ከ150 እስከ 300 ሪያል ያስቀጣል። ሕፃንን ያለ ልጆች መቀመጫ ማሳፈር ደግሞ ከ300 እስከ 500 ሪያል። ቅጣቱ በማንም ስም ይመዝገብ፣ መኪና ሲገለበጥ መስታወት ጥሶ የሚወጣው ያልታሰረው ሰው ነው። ከኋላ ያልታሰረ ሰው ከፊቱ የተቀመጠውንም ይጎዳል። አገር ቤት በአይሱዙ መኪና ጭነት ላይ ተቀምጠን መጓዝ የለመድን አለን፤ እዚህ በፒክአፕ የጭነት ቦታ ላይ መሳፈር ክልክል ነው። «ቅርብ ነው» ብላችሁ አትውጡ።

ሁለተኛው፣ ከማን ጋር እንደምንሄድ፣ ከዚህ ከበድ ይላል። የምንኖረው የየመን ድንበር አጠገብ ነው። ከሳምታ፣ ከጡዋልና ከአሪዳ በኩል የሚመጡ መንገዶች በፍተሻ የተሞሉ ናቸው። ድንበር ጥሶ የገባን ሰው ማጓጓዝ፣ ማስጠለል ወይም በማንኛውም መንገድ መርዳት እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ያስቀጣል፤ መኪናውና ቤቱም ይወረሳሉ። «የነዳሁት እኔ አይደለሁም» ማለት አይበቃም። ሾፌር ያገናኘ፣ ገንዘብ የሰበሰበ ወይም ሰው የቀጠረም እንደ ረዳት ሊቆጠር ይችላል።

ተጠምቶ፣ እግሩ ቆስሎ የመጣ የአገር ልጅ ሲያዩ ልብ እንደሚነካ አውቃለሁ። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ በ997 ለቀይ ጨረቃ ደውሉ። ስለ ወረቀትና ስለ መመለስ ጉዳይ ደግሞ ጅዳ ያለውን ቆንስላችንን ጠይቁ። በመኪና ደብቃችሁ ለማሳለፍ ግን አትሞክሩ፤ እሱንም ራሳችሁንም ታጠፋላችሁ።

ሦስተኛው ዕቃ ነው። «ይህን ለእከሌ አድርስልኝ» ሲሏችሁ ውስጡን ሳታዩ አትቀበሉ። ጫት አገር ቤት በገበያ ይሸጣል፤ እዚህ ግን ከአደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል፤ በዚህ በጂዛን ድንበር ጫት ሲያሻግሩ የተያዙ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ሃሺሽ ማስገባት እስከ ሞት ያስቀጣል። ከመቀመጫችሁ ሥር የተገኘው ቦርሳ የሌላ ሰው መሆኑን በፍተሻ ቦታ ማስረዳት ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ኢቃማችሁን (የመኖሪያ ፈቃዳችሁን) ያዙ፤ የማታውቁት ሰው መኪና ውስጥ የምታዩት ነገር ካሳሰባችሁ ሳይረፍድ ውረዱ።

ግዴታ ብቻ ሳይሆን መብትም አለን። ከመኖሪያ ወደ ሥራ ወይም ከሥራ ወደ መኖሪያ ስንጓዝ የሚደርስ አደጋ በሳዑዲ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል። የሥራ ጉዳት ዋስትናው የውጭ አገር ሠራተኛንም ይሸፍናል፤ መዋጮውንም የሚከፍለው አሠሪው ነው። ስለዚህ አደጋ ሲደርስ በ993 ለሙሩር (ለትራፊክ ፖሊስ)፣ በ997 ለአምቡላንስ ደውሉ፤ የቆሰለን ሰው እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላሰጋ አታንቀሳቅሱ፤ ለአሠሪያችሁ ወዲያው አሳውቁ፤ የሕክምናውን ወረቀት ያዙ። «ይቅር፣ ቀላል ነው» ብላችሁ ዝም ካላችሁ፣ በኋላ ጉዳቱን ማረጋገጥ ያስቸግራል።

ነገ ጠዋት አውቶቡስ ስትገቡ ቀበቶውን ፈትሹ። ከሌለ ወይም ከተበላሸ በጋራ ሆናችሁ ለሴፍቲ ኃላፊው ንገሩ፤ ስማችሁንና ቀኑንም ጻፉ። ሾፌሩ ስልክ ሲነካ «ወንድሜ፣ ስልኩን ተው» በሉት። ይህን የምታደርጉት ለሕግ ብላችሁ ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት እጃችሁን የሚጠብቁ ሰዎች ስላሏችሁ ነው።