ከደጃፍ አበባ እስከ ድቅል ቡና
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ቡናና ማር በሚነገርበት ጉባኤ ላይ ስለ አበባ ማውራት ሥራ መፍታት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ አርሶ አደር «ድቅል ዝርያ» የሚባለውን ነገር በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ሠርቶ ሊረዳው ቢፈልግ ከደጃፉ አበባ የተሻለ አስተማሪ አያገኝም። ነገሩን ያልተረዳ ደግሞ በቡና ማሳው ላይ ይከስራል።

ለዚህ የሚመቸው አማሪሊስ ነው። አበባው መለከት የሚመስል፣ ትልቅ፣ ቀይ ወይም ነጭ ወይም ዝንጉርጉር ነው። ከሥሩ እንደ ራስ ሽንኩርት የተነባበረ ኮረት አለው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ቢሆንም ዘመዱ በአገራችን ደን ውስጥ ይገኛል፤ ዝናብ ሲጀምር በዛፍ ጥላ ሥር ብቅ የሚለው፣ እንደ ኳስ የተድቦለቦለው ቀይ አበባ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ሽንኩርት ቢመስሉም መርዝ ስላላቸው ከልጆችና ከከብት መራቅ አለባቸው። የደኑን እየነቀሉ ወደ ግቢ ማምጣትም ተገቢ አይደለም።

መቱ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አማሪሊስን የሚጎዳ ውርጭ የለባትም። የኢሉባቦር ችግር የዝናቡ ብዛት ነው። ኮረት ውኃ በተኛበት መሬት ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡ ከፍ ይላል፣ አፈሩ ከአሸዋና በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ይደባለቃል፣ ኮረቱም አንገቱና ትከሻው ከመሬት በላይ እንደሆነ ይተከላል። ብዙ ሰው ኮረቱን እንደ ድንች ጠልቆ ይቀብረውና አበባ አጣሁ ይላል።

ማዳቀሉ ከባድ አይደለም። አበባው ውስጥ ስድስት ወንዴዎችና አንድ ረጅም ሴቴ አሉ። እናት እንድትሆን የተመረጠችው አበባ ገና ስትከፈት፣ ዱቄቷ ሳይበተን ወንዴዎቿ ይቆረጣሉ። የሴቴው ጫፍ ሦስት ቦታ ሲከፈል ከሌላው አበባ የመጣውን ዱቄት በጣት ወይም በላባ መቀባት ነው። ንብ የሌላ ዱቄት እንዳታመጣ በስስ ጨርቅ መሸፈን፣ አገዳው ላይም የእናትና የአባቱን ስም ጽፎ ማሰር ያስፈልጋል። ይህችን ጽሑፍ የዘነጋ ከዓመታት በኋላ የሚያወጋው እንጂ የሚያውቀው ነገር አይኖረውም።

ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ፍሬው ያብጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል። እንደ ወረቀት የሳሱት ጥቋቁር ዘሮች ሳይቆዩ ይዘራሉ፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ይበቅላሉ። ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው፤ የመጀመሪያው አበባ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይጠይቃል።

አበባው ሲመጣ ግን ትምህርቱ ይገለጣል። የአንድ ፍሬ ልጆች ሆነው ሳለ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዱ እናቱን፣ አንዱ አባቱን ይመስላል፣ ሌላው ማንንም አይመስልም። የተወደደውን እንዳለ ለማብዛት ዘሩን መዝራት አይረዳም። ከኮረቱ ጎን የሚወጡትን ግልገል ኮረቶች ነጥሎ መትከል ነው መንገዱ።

ወደ ቡናው ስንመለስ፣ ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ፣ በ1974 በመቱ አካባቢ በሽታውን የቋቋሙ እናት ዛፎች ተመርጠው 74110ና 74112ን የመሳሰሉ ዝርያዎች ተገኙ። ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው በዓመቱ ምክንያት ነው። እነዚህ ምርጥ ዝርያዎች እንጂ ድቅሎች አይደሉም፤ የአረቢካ ቡና አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከሌላ ዝርያ ርቆ የተተከለ ዛፍ ዘሩ እናቱን ይመስላል። አባ ቡና ግን ሌላ ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ድቅል ነው። ከአባ ቡና ዛፍ ፍሬ ለቅሞ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ልክ እንደ አማሪሊሱ የተበታተነ ማሳ ይገጥመዋል፤ የወላጁንም ምርታማነት አያገኝም። ስህተቱ የሚታወቀውም ዛፉ ፍሬ ሲይዝ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ድቅል ቡና በእጅ የተዳቀለ አዲስ ዘር ወይም ከራሱ ዛፍ የተወሰደ ቁራጭ ይፈልጋል። ስለዚህ ችግኝ የሚያከፋፍል ማኅበር ሁሉ ዝርያው ምርጥ ነው ወይስ ድቅል፣ ለአባሉ በግልጽ ቢነግረው መልካም ነው።

የመጀመሪያውን ድቅል አማሪሊስ ያገኘው ምሁር አልነበረም። እንግሊዝ አገር በፕሬስኮት ከተማ ይኖር የነበረ አርተር ጆንሰን የሚባል ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1799 ሁለት የዱር ዝርያዎችን አዳቀለ። ከሥራው ለሊቨርፑል የዕፅዋት ማዕከል አካፍሎ ነበር። በኋላ የራሱ የአበባ ቤት ወደመ። ለሌላ በመስጠቱ ግን ዝርያው ተረፈ፤ «ጆንሶኒ» ተብሎ በስሙ የተጠራው ቀይ አበባ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ከግልገል ኮረት እየተባዛ በየሰው ግቢ ይተከላል።