ቁልፉ በማን እጅ ነበር?

(ለደጋፊዎቻችን ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የከተማ ነዋሪ በሠፈሩ ልማት ያለው ድርሻ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። እኛ ግን ከአንድ መጸዳጃ ቤት ብንጀምር ይሻላል ብለን አስበናል፤ መጸዳጃ ቤቱ በእናንተ ገንዘብ የተሠራ ስለሆነ ታሪኩን የመስማት መብት አላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ከወንዝ ዳር ባለ አንድ ያረጀ ሠፈር ስድስት በር ያለው የጋራ መጸዳጃ ቤት ሠራን። ግንቡ የድንጋይ፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ፣ በሮቹም አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። በምረቃው ቀን ንግግር ተደረገ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ ፎቶግራፉም በዚሁ ጋዜጣችን ላይ ወጥቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በሁለተኛው ክረምት ጉድጓዱ ሞላ። መምጠጫ መኪና ብንጠራ መኪናው በጠባቡ መንገድ መግባት አቃተው፤ ቱቦውም ከዋናው መንገድ ድረስ አልደረሰም። ውኃው ከቆሻሻው ጋር እየፈሰሰ ከታች ባሉት ቤቶች ደጃፍ ተኛ። ስድስቱም በሮች ተቆለፉ። ቁልፉ የነበረው በእኛ ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው።

ይቅርታ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ከታችኛው ረድፍ የሚኖሩ አንዲት እናት በዱካ ላይ ተቀምጠው ቡና ይቆሉ ነበር። «ልጆቼ፣ ይህ ቦታ ድሮም ውኃ የሚያቁር ነው፤ እኔ እዚህ ስኖር ሠላሳ ዓመት አለፈኝ» አሉን። «ታዲያ እማማ፣ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩንም?» ብንላቸው፣ ምጣዱን ከእሳት አንሥተው «ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ከዚያም ቡናውን አቀረቡልን። በሕይወታችን እንደዚያ ቀን የመረረ ቡና ጠጥተን አናውቅም።

እርግጥ ነው፣ ሰዎቹን ሰብስበን ነበር። ነገር ግን የሰበሰብናቸው ፕላኑ ካለቀ በኋላ፣ እንዲያጨበጭቡ ነው። በመስክ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ «የሕዝብ ተሳትፎ» እያልን በሪፖርት የምንጽፈው ይህንኑ ነው።

ሰው ለራሱ ሠፈር ለምን አይነሣም? እያሉ የሚወቅሱ አሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች የቤቱን ታሪክ ቢያስቡ መልካም ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸውን ቤቶች ቀበሌ ያስተዳድር ጀመር። ለድሃው ኪራዩ ቀላል መሆኑ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ኪራዩ ግን ለጥገና የሚበቃ አልነበረም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ይፈራል። ጭቃው ሲረግፍ ነዋሪው ቀበሌን ይጠብቃል፣ ቀበሌም በጀት ይጠብቃል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ልጆች አድገው የልጅ ልጆች ወለዱ።

ከዚያ ውርደት በኋላ ሌሎች እንዴት እንደሠሩት መጠየቅ ጀመርን። በፓኪስታን አገር በካራቺ ከተማ ኦራንጊ የሚባል እጅግ ሰፊ የድሆች ሠፈር አለ። ሰው መሥፈር የጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ ከ1971 ጦርነት በኋላም ከዛሬይቱ ባንግላዴሽ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ገቡበት። ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ በየመንገዱ ይንዶለዶል ነበር፤ መጸዳጃውም አብዛኛው ባልዲ ነው። ወደዚህ ሠፈር እ.ኤ.አ. በ1980 አክታር ሐሚድ ካን የተባሉ ሽማግሌ መጡ። በወጣትነታቸው በእንግሊዝ መንግሥት ሥር የሕንድ ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ነበሩ፤ ከ1943 የቤንጋል ረሃብ በኋላ ሹመቱን ትተው በቁልፍ ሠሪነት ሙያ እስከ መሥራት ደረሱ። ቀጥሎም በኮሚላ ገበሬዎችን በኅብረት ሥራ በማደራጀት ስማቸው ታወቀ። ወደ ኦራንጊ ሲመጡ ዕድሜያቸው 65 ነበር።

እኒህ ሰው ገንዘብ ይዘው ለመሥራት አልተቻኮሉም። በመጀመሪያ በየመንገዱ እየዞሩ ሰዉን ያነጋግሩ ነበር። ሰዉ ሁሉ «የፍሳሹን ቦይ መንግሥት በነፃ ይሠራልናል» ብሎ እንደሚጠብቅ አዩ። ደግሞም በመንግሥትና በተቋራጭ ዋጋ ቢሠራ ድሃው ከቶ ሊከፍል እንደማይችል ተረዱ። ስለዚህ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዋጋውን ራሱን ይመረምሩ ጀመር። የተቋራጩን ትርፍ ከሂሳቡ አወጡ፤ የቦዩንና የማንሆሉን አሠራር አቀለሉ፤ ጉልበቱን ሠፈርተኛው ራሱ እንዲያቀርብ አደረጉ። በዚህም በቤት ውስጥ ያለውን መጸዳጃና በመንገዱ ላይ ያለውን ቦይ ጨምሮ ለአንድ ቤት የሚወጣው ወጪ ከ100 ዶላር በታች ወረደ።

አደረጃጀቱን በጥሞና እንድትመለከቱት እንለምናችኋለን፤ እኛን ያስተማረን እርሱ ነውና። ሠፈሩን በሙሉ አልሰበሰቡም። አንድ መንገድ ብቻ ወሰዱ፤ በአንድ መንገድ ላይ ያሉት ቤቶች ከ20 እስከ 30 ቢሆኑ ነው። በዚህ መንገድ የሚኖሩት እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፣ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅም ያውቃሉ። ከመካከላቸው አንድ ኃላፊ ይመርጣሉ፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው እርሱ ነው፤ ድርጅቱ የነዋሪዎቹን ገንዘብ አይነካም። የድርጅቱ ድርሻ የመሬቱን ከፍታ መለካት፣ ፕላኑንና የወጪውን ግምት ማዘጋጀት፣ መሣሪያ ማዋስና ሥራውን እያዩ ማረም ነው። በየቤቱ፣ በየመንገዱና በሠፈሩ ውስጥ ያለውን ነዋሪው ይሠራል፤ ትልቁን ዋና ቦይና ማጣሪያውን ግን መንግሥት እንዲሠራ ይጠየቃል። በዚህ ሁኔታ በዓመታት ውስጥ ከ90,000 የሚበልጡ ቤቶች በራሳቸው ገንዘብ መጸዳጃና ቦይ ሠሩ። አክታር ሐሚድ ካን እ.ኤ.አ. በ1999 ዐረፉ፤ ሥራው ግን ቀጠለ።

ነገሩን ከእውነቱ አሳምረን ልናቀርብላችሁ አንፈልግም። የመንግሥት የተባለው ድርሻ ብዙ ዘገየ፤ የካራቺም ፍሳሽ አብዛኛው ሳይጣራ ወደ ባሕር ሲገባ ኖሯል። ሥራውን ሲመሩ የነበሩት የሥነ ሕንፃ ባለሙያዋ ፐርዊን ራህማን እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2013 በጥይት ተገደሉ፤ የድሆችን መሬትና የከተማውን የውኃ ስርቆት በካርታ እየመዘገቡ ይፋ ያወጡ ሰው ነበሩ። በ2020 ታላቅ ጎርፍ ከደረሰ በኋላም በኦራንጊና በጉጀር የጎርፍ መውረጃዎች ዳር የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ፈርሰዋል። ሰው ደጃፉን ቢያጸዳም ከላይ ያለው ውሳኔ በሌላ እጅ ነው።

እኛስ ምን አደረግን? ተመልሰን ወደዚያው የወንዝ ዳር ሠፈር ሄድን፤ በዚህ ጊዜ ግን ሲሚንቶ ሳይሆን የከፍታ መለኪያ ይዘን ነው። አዲስ ኮሚቴ አላቋቋምንም። በሠፈሩ አስቀድሞ ዕድር አለ፤ ዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳንና ድስትም አለው። ለሞተ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ በአንድ ቀን ቀብር የሚያደርስ ማኅበር ለቆመ ሰው ቦይ መቆፈር አያቅተውም ብለን ሽማግሌዎቹን ጠየቅናቸው። ተከራከሩ። «የዕድር ገንዘብ ለሞት ነው» ያሉ ነበሩ፤ ነገሩም ትክክል ስለሆነ የቦዩ መዋጮ በሌላ መዝገብ እንዲያዝ ተስማሙ። ከ31 ቤቶች 24ቱ ከፈሉ። በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 3 ቅጥሩን የሠሩት በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ሲያድሱ፣ ሥራውን የናቁ የቴቁሐ ታላላቅ ሰዎች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። በእኛም መንገድ ከሁሉ የሚሻል ገቢ ያላቸው ሁለት ባለ ሱቆች ናቸው ያልከፈሉት። ከሌሎቹ ያልከፈሉት ድሆች ስለነበሩ በጉልበት እንዲያግዙ ተደረገ።

የቦዩን አቅጣጫ ያሳዩን እኒያ ባለ ቡና እናት ናቸው። መሣሪያችን ከለካው ጋር ሲተያይ በአንድ ቦታ ብቻ ተለያዩ፤ ቆፍረን ስናየው ከሥር የተቀበረ የድሮ ግንብ ተገኘ። ትክክል የነበሩት እሳቸው ናቸው። ቦዩ ባለፈው ክረምት ዝናቡን ችሏል። የአረንጓዴዎቹ በሮች ቁልፍም ከመሳቢያችን ወጥቶ በስድስት ክር ታስሮ ለስድስት ቡድን ተከፋፈለ፤ የመምጠጫውንም ወጪ ተረኛው ቡድን እየሰበሰበ ይከፍላል።

አሁን ያለንበት ችግር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳን ጨምሮ ብዙ ያረጁ ሠፈሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፤ ብዙ ዕድር ግን ተበትኗል። በላይኛው ረድፍ ያሉት ነዋሪዎች ቀጣዩን ቦይ ለመጀመር ባለፈው ወር ተሰብስበው ሳለ አንድ አባት ተነሥተው «ይህን ገንዘብ ካዋጣን በኋላ ተነሡ ብንባልስ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም፤ የለንም ብለንም ነገርናቸው። አንዳንዶቹ እንጠብቅ አሉ። ሌሎቹ ልጆቻቸው ዘንድሮም በተቅማጥ መታመማቸውን ተናገሩ። በመጨረሻ የተወሰነው ቦዩ እንዲቆፈር፣ የድንጋይ ንጣፉ ግን ለጊዜው እንዲቆይ፣ ቱቦውም ከተነሡ ነቅለው ሊወስዱት የሚችሉት ዓይነት እንዲሆን ነው። ከሦስት ሽማግሌዎች ጋርም ወደ ወረዳው ሄደን የቦዩን ካርታና የከፋዮቹን ስም ዝርዝር አስመዘገብን፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተሰጥቶን በዕድሩ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፤ ዘንድሮ ከእናንተ የምንለምነው ለግንብ የሚሆን ገንዘብ አይደለም፤ ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገርም አናመጣላችሁም። የምንፈልገው የአንድ ልኬት ባለሙያ የዓመት ደመወዝ፣ ሁለተኛ የከፍታ መለኪያና ለውሰት የሚሆኑ አካፋና ዶማዎች ነው። ሲሚንቶውን እነርሱ ይገዙታል።