ጨዋታው የማን ነው?
በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናነሣው በብዙዎቻችን ቤት ያለ ጉዳይ ነው። ልጆቻችን ኳስ ይወዳሉ። ትልቁ ግጥሚያ በሚታይበት ቀን ግን ጣቢያው ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። አባት በስልክ በዕብራይስጥ የተነገረውን ሁሉ በደንብ ሳይረዳ «እሺ» ይላል። ሂሳቡ ሲመጣ ቤቱ ይታወካል፤ አባትና ልጅ ይወቃቀሳሉ። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከእነርሱ አይደለም።

በብዙ አገር ሊጉ የክለቦቹን ጨዋታ ሁሉ ጠቅልሎ ለጣቢያ ይሸጣል። የገዛው ጣቢያ ብቻ ያሳያል፤ ያወጣውንም ገንዘብ ከተመልካቹ ይሰበስባል። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጀመር፣ የ5 ዓመት የቴሌቪዥን መብቱ በ304 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሰው የሊጉን ጨዋታ በቀጥታ ለማየት በአብዛኛው ከፋይ ሆነ።

በፖርትስማውዝ ከተማ መጠጥ ቤት የምታስተዳድር ካረን መርፊ የምትባል ሴት ነበረች። የአገሯ ዋጋ ስለከበዳት የግሪክ ጣቢያ ዲኮደር ካርድ በርካሽ ገዝታ ለደንበኞቿ ጨዋታ አሳየች። ተከሰሰች፣ ተቀጣችም። እርሷ ግን ዝም አላለችም፤ ጉዳይዋ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2011 ከሌላ የኅብረቱ አገር እንዲህ ያለ ካርድ ገዝቶ መጠቀምን መከልከል አይገባም አለ። በ2012 ጥፋተኛ የተባለችበት ፍርድ ተሻረላት። እርግጥ ሁሉም በር አልተከፈተም፤ የሊጉን ዓርማና ሙዚቃ በመጠጥ ቤት ለማሳየት አሁንም ፈቃድ ያስፈልጋል ተብሏል።

ሕግም ይረዳል። በእንግሊዝ አገር በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት እንደ ዓለም ዋንጫና ኦሎምፒክ ያሉ ውድድሮች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለሚታዩ ጣቢያዎችም መቅረብ አለባቸው። ስለዚህ ዋጋው ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰው የወሰነው ነው፤ ሰው ሊለውጠውም ይችላል።

ወገኖቻችን፣ እኛስ ምን እናድርግ? በስልክ ቶሎ «እሺ» አንበል። ቅናሹ ለስንት ወር እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ስንት እንደምንከፍል፣ ለማቋረጥ ምን እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ እንጠይቅ። ዕብራይስጥ የሚያነብልን ሰው ሳናገኝ አንፈርም። ቅሬታ ሲኖረን ደግሞ አንድ ላይ እናቅርብ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።