በምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ የሚከማቸው ጭስና የቁጥጥሩ ዘዴ



በምድር ቤት ማቆሚያ ገብቶ በአምስት ደቂቃ የሚወጣ ባለ መኪና ከጭሱ የሚደርስበት ጉዳት አነስተኛ ነው። በመግቢያው ዳስ ተቀምጦ ቲኬት የሚቆርጠው ሠራተኛና የጥበቃ ባልደረባው ግን ያንኑ አየር ስምንት ሰዓት ሙሉ ይተነፍሱታል። ስለሆነም የጋዝ መቆጣጠሪያ መሣሪያ የት ይተከል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከእነርሱ መቀመጫ ሊጀምር ይገባዋል፤ ለገመድ ዝርጋታ ከሚያመቸው ጣሪያ አይደለም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ራስ ምታቱና ማዞሩ ሲጀምር ተጎጂው ድካም ወይም ረኀብ ይመስለዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ጸንተው እንዲቆዩ ያደረጋቸው ወሰኖች ለስምንት ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ 10 ሚሊግራም፣ ለአንድ ሰዓት 35 ሚሊግራም ናቸው። ጋዙ በክብደቱ ከአየር እጅግም ስለማይለይ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ወለል ላይ አይተኛም። እንግዲህ መሣሪያው ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ በሰው አፍንጫ ልክ ቢተከል ይበጃል።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። የናፍጣ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያወጣው በጥቂቱ ነው፤ የሳንባ ጠንቅ የሆነው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ግን ከእርሱ በብዛት ይወጣል። የናፍጣ መኪና በሚበዛበት ማቆሚያ አንዱን ጋዝ ብቻ የሚለካ መሣሪያ ማራገቢያውን ሳያስነሣ አየሩ ሊበከል ይችላል።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ የአየርዋ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ያለው አሮጌ ሞተር እዚህ ሲሠራ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጭሱም ይከፋል። የሚተነፍሰውም ሰው የሚያገኘው ኦክሲጅን አስቀድሞም ያነሰ ነው።

ማራገቢያው የሚጠፋው የመብራት ሒሳብ ስለሚያስፈራ ነው። ነገር ግን ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ የሚወስደው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። ጋዙ ሲያንስ በዝግታ፣ ሲበዛ በፍጥነት እንዲሽከረከር ማድረግ ጤናንም ገንዘብንም ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፍተሻው ነው። ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር በዕድሜ ይደክማል፤ መጠኑ በታወቀ ጋዝ በየጊዜው ካልተፈተነ ዜሮ እያሳየ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ በእኔ ግምት መሣሪያ ከሌለበት ማቆሚያ የባሰ ነው፤ በባዶ ግድግዳ ማንም አይተማመንምና። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከልዋን ጠቅሶ ድካሙ ለምን የሚል ይኖር ይሆናል፤ ቀድሞ የገቡት መኪኖች ግን ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ። ስለዚህ ሕንፃው ሲረከብ የመፈተኛው ጋዝ ሲሊንደርና የፍተሻው መዝገብ አብረው እንዲረከቡ በውሉ ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ።