ስምንተኛ የወጣው ልጅ

(በመተማ ዮሐንስ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)

ዛሬ ልናነሣላችሁ የወደድነው ስለ አንድ ሯጭ ነው። ነገሩ ከዕለት ሥራችን የራቀ ቢመስላችሁም እስከ መጨረሻው ታገሡን፤ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ሜዳችን ላይ ይመልሰናል።

በዚህ በቆላው ምድር ከወጣቶች አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ። «ሯጭ የሚወጣው ከደጋ ነው፤ ከበቆጂና ከአሰላ ነው። እኛ በዚህ ሐሩር የት እንደርሳለን?» ይሉናል። ለብዙ ጊዜ የምንሰጣቸው መልስ አልነበረንም።

አትሌት መሐመድ አማን በእርግጥ የደጋ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አሰላ ተወለደ። አገራችን ስሟ የገነነው በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር፣ እንዲሁም በማራቶን ሲሆን፣ እርሱ የያዘው ግን 800 ሜትርን፣ ማለትም የመሮጫውን ሁለት ዙር ነበር። ይህ ሩጫ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፤ ሆኖም እጅግ ከባድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ያለ ልክ የፈጠነ በመጨረሻው እግሩ ይታሰርበታል፤ ወደ ኋላ የቀረውም ልሩጥ ሲል ሌሎቹ ገብተዋል።

በ2011 በደቡብ ኮሪያ፣ በዴጉ ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የ17 ዓመቱ መሐመድ ለፍጻሜ ደረሰ። ስምንት ሯጮች ተሰለፉ፤ እርሱ ስምንተኛ ወጣ። ያሸነፈው በቀደመው ዓመት የዓለምን ክብረ ወሰን ሁለት ጊዜ የሰበረው ኬንያዊው ዴቪድ ሩዲሻ ነበር። ነገር ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱ በጣሊያን አገር ሚላኖ ላይ እንደ ገና ተገናኙ፤ በዴጉ የመጨረሻ የነበረው ልጅ ሻምፒዮኑን ቀደመው!

በ2012 በለንደን ኦሊምፒክም እንዲሁ ሆነ። ሩዲሻ በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ መሐመድ ስድስተኛ ሆነ። በዚያው በነሐሴ ወር ግን ዙሪክ ላይ በ1 ደቂቃ ከ42.53 ሰከንድ ሩዲሻን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። በ2013 በሞስኮ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አሜሪካዊውን ኒክ ሲሞንድስን አልፎ በ1 ደቂቃ ከ43.31 ሰከንድ ወርቅ ወሰደ፤ ይህም ለኢትዮጵያ በዚህ ርቀት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ነበር። በ2012 በኢስታንቡልና በ2014 በሶፖት የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የዓለምም ሆነ የኦሊምፒክ ሜዳልያ አላገኘም። ስለዚህ ሁልጊዜ ያሸነፈ ሰው ታሪክ እየነገርናችሁ አይደለም፤ ተሸንፎ በማግስቱ ጫማውን ያሰረ ሰው ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ጠረፋችን እንመለስ። በዚያ በለንደን ፍጻሜ ከመሐመድ ቀጥሎ፣ ሰባተኛ ሆኖ የገባው ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? ሱዳናዊው አቡበከር ካኪ ነበር። መተማና ገላባት እንደሚተያዩ ሁሉ ኢትዮጵያዊውና ሱዳናዊው ተከታትለው ገቡ። ካኪ የተወለደው በኮርዶፋን፣ በሙግላድ ነው፤ ያም አገር ደጋ አይደለም፤ ሐሩሩም ከእኛ አያንስም። ሆኖም በ2008፣ በ18 ዓመቱ፣ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ መሐመድ በዴጉ ስምንተኛ በወጣበት ቀንም ሁለተኛ የወጣው እርሱ ነበር። ለሱዳን የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያስገኘውም ሌላ የ800 ሜትር ሯጭ፣ ኢስማኢል አሕመድ ኢስማኢል ነው፤ በ2008 በቤጂንግ ብር አግኝቷል። እንግዲህ «ከቆላ ሯጭ አይወጣም» ለሚሉን ልጆች መልሱ ከድንበሩ ማዶ ቆይቶን ኖሯል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ቤተ ሰቦች በመተማ በኩል ገብተዋል። ልጆቻቸው ከእኛ ልጆች ጋር በአንድ ሜዳ ይሮጣሉ፤ ቋንቋ ባይግባቡም መስመሩ ላይ ይግባባሉ። እዚህ ላይ ጥፋታችንን ልንነግራችሁ ይገባል። ውድድር ባዘጋጀን ጊዜ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ብቻ መዝግበን ሌሎቹን «በርቱ» ብለን እናሰናብት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ብዙዎቹ ይቀራሉ። ሰነፎች ሆነው መስሎን ነበር። ለካስ የሚጠራቸው ሰው አጥተው ነው! በዴጉ ሜዳ የእኛ መዝገብ ቢኖር ኖሮ የመሐመድ አማን ስም በውስጡ አይገኝም ነበር።

ስለዚህ አደራ እንላችኋለን፤ በየመንደራችሁ የልጆች ሩጫ ስታደርጉ የመጨረሻውንም ልጅ ስም ጻፉ። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ማለዳ ላይ ሩጫውን ጀምሩ፤ ውኃ አይታጣ። በማግስቱም ያን የመጨረሻውን ልጅ፣ ከወዲህም ይሁን ከወዲያ ማዶ የመጣ፣ በስሙ ጥሩት።