ቅጠሉ ምርት በሆነበት አገር፦ የሐረር ጓሮ ቡና የቅጠል ነጠብጣብና መከላከያው



የሐረር ቡና በዓለም ገበያ ስመ ጥር የሆነው በፍሬው ነው። በከተማውና በጀጎል ግንብ ዙሪያ ባሉ ጓሮዎች ግን የቡና ተክል የሚሰጠው ፍሬ ብቻ አይደለም። የደረቀው ቅጠል ታምሶና ፈልቶ፣ ቁጢ ተብሎ ይጠጣል። ከጎኑ የሚበቅለው የጫት ቅጠልም እንደ ተቀጠፈ በጥሬው ይቃማል። በሌላ አገር በጓሮ ቁጥቋጦ ላይ የሚታይ ነጠብጣብ የውበት ጉዳት ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ በሐረር ግን ቅጠሉ ራሱ ምርት ስለሆነ፣ የሕክምናው ዘዴ ከዚህ እውነት መነሣት ይገባዋል።

ቡናም ሆነ ጫት ዓመቱን ሙሉ ለምለም ናቸው። ይህ ጠባያቸው ባለጓሮውን ደስ ቢያሰኝም ለበሽታ መጠለያ ይሆናል። በበጋ ቅጠሉን ጨርሶ የሚያረግፍ ዛፍ ከደዌው ብዙውን አብሮ ያራግፋል፤ ዘወትር ለምለም የሆነው ግን የዓምናውን ሕመም በአሮጌ ቅጠሉ ይዞ ለዘንድሮው ዝናብ ያደርሰዋል።

በቡና ቅጠል ላይ በብዛት የሚታዩት ሁለት ደዌዎች ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ስም ይጠራል። የመጀመሪያው የቅጠል ዋግ ነው። ከላይ ሲያዩት ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ ይመስላል፤ ቅጠሉ ተገልብጦ በጣት ሲታሸ ግን ብርቱካንማ ዱቄት በጣት ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ሰርኮስፖራ በሚባል ፈንገስ የሚመጣው ነው። ነጠብጣቡ ቡናማ፣ መካከሉ አመድማ፣ ዙሪያውም ቢጫ በመሆኑ ዓይን ይመስላል፤ ብርቱካንማ ዱቄትም የለውም።

ልዩነቱን መለየት የሚያስፈልገው መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። ዋግ ሕያው ቅጠል ካላገኘ አይኖርም። ዘሩ የሚበቅለው በቅጠሉ ላይ ውኃ ሲያቋር ሲሆን፣ የሚገባውም ከሥር ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ስለሆነም ዝናብ ከመጣሉ በፊት የታመሙትን አሮጌ ቅጠሎች መልቀም፣ የተጨናነቁትን ቅርንጫፎች ገርዞ ነፋስ እንዲያገኙ ማድረግ ይጠቅማል። ሰርኮስፖራ ግን በወደቀ ቅጠል ላይም ይቆያል፤ የሚበረታውም ፀሐይ በጸናበት፣ አፈሩም በተራቆተበት ተክል ላይ ነው። መድኃኒቱ እንግዲህ የረገፈውን መጥረግ፣ ብስባሽ ማልበስና እንደ ዋንዛ ያለ የጥላ ዛፍ መትከል ነው።

ቸል ቢባል ምን እንደሚደርስ ታሪክ ያስረዳል። በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ዋግ እ.ኤ.አ. በ1869 ከታየ በኋላ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ የቡና እርሻው ጠፍቶ በሻይ ተተክቷል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮም ይኸው ደዌ የመካከለኛው አሜሪካን ገበሬዎች ክፉኛ ጎድቷል። ኢትዮጵያ የዓረቢካ ቡና መገኛ በመሆኗ ዝርያዎቿ ብዙ ናቸው፤ ደዌውም በአንድ ጊዜ ሁሉንም እንዳይጥል የረዳት ይህ ብዝኃነት እንደሆነ ይታመናል። ባለጓሮው ልዩ ልዩ ዝርያዎችን አቀላቅሎ ሲይዝ ይህንኑ ጋሻ ይጠብቃል። ይሁንና ቅጠሉ በየዓመቱ ያለጊዜው የሚረግፍ ተክል የሚመጣውን ዓመት ፍሬ የሚሸከም ቅርንጫፍ ያጣል።

መዳብ ያለበት ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ለዋግ የታወቀ መከላከያ ነው። ነገር ግን የሚጠብቀው ገና ያልታመመውን ቅጠል እንጂ የታየውን ነጠብጣብ አይፈውስም። ከዚህም በላይ ለቁጢ በሚለቀም ቡና ላይ መርጨት ጥንቃቄ የጎደለው ሥራ ነው፤ ጫት ከቡና ጋር ተሰባጥሮ በተተከለበት ጓሮም የሚረጨው ብናኝ በነፋስ ተወስዶ በሚቃመው ለጋ ቅጠል ላይ ያርፋል። ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት በላቦራቶሪ ምርመራ ተገኝቶ ስለነበር፣ ሥጋቱ ከግምት የመጣ አይደለም።

ስለዚህ ለባለጓሮው ምክር የሚሰጥ ባለሙያ መርጫውን ከማንሣቱ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች ማቅረብ ይገባዋል፦ ቅጠሉ ሲገለበጥ ምን ይታያል? ተክሉ ጥላና ብስባሽ አለውን? ይህንስ ቅጠል ማን ይጠጣዋል፣ ማንስ ይቅመዋል? የሦስተኛው መልስ «የቤቱ ሰው» ከሆነ፣ መቀስና መጥረጊያ ከመርጫ ይቀድማሉ።